«ኤሊዋን ቀበና ብንለቃትስ?»

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የእኔ ጉዳይ ለሰው ሲነግሩት ያስቃል፤ ቤቴን ግን ሊያምሰው ነው። የምንኖረው ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ፣ ግንፍሌ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ዱባይ የሚሠራው ወንድሜ ከአራት ዓመት በፊት ለልጆቹ ብሎ ሁለት ጥቃቅን የውሃ ኤሊዎች በእጅ ሻንጣው ይዞ መጣ። ከሎሚ አይበልጡም ነበር። አንዷ ወዲያው ሞተች። ሌላዋን ልጄ ‹ሎሚ› ብላ ስም አወጣችላት። ዛሬ ሎሚ የሾርባ ሳህን አክላለች። ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር አላት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሳፋዋን የማጥበው እኔ፣ ሽታዋን የምችለው እኔ።

ባለቤቴ ‹እግዜር ለውሃ የፈጠራትን ሳፋ ውስጥ ማሰር ኃጢአት ነው፣ ቀበና ወስጄ ልልቀቃት› ይላል። ትልቁ ልጄ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ያጠናል። እሱ ደግሞ ‹እንዲህ ያለ እንስሳ ጭራሽ አገር ውስጥ እንዳይገባ መታገድ አለበት› ብሎ ከአጎቱ ጋር በስልክ ይጨቃጨቃል። ወንድሜ ‹ባሕር ዛፍም መጤ ነው፤ መንግሥት ሳሎኔ ድረስ ምን አገባው?› ይላል። የስምንት ዓመቷ ልጄ ሎሚን ሳትስም አትተኛም። ትንሹ ገና አስር ወሩ ነው፣ መዳህ ጀምሯል። ይባስ ብሎ ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ የሚያወራ ግራጫ በቀቀን አመጣለሁ ብሏል። ምን ይሻለኛል?»

ግራ የገባት እናት፣ ከግንፍሌ

እህቴ፣ እኔን አላሳቀኝም። የቤተሰቡ ሙግት ይቆየንና መጀመሪያ ስለሚድኸው ልጅ እናውራ።

የውሃ ኤሊ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ሆዷ ውስጥ ተሸክማ ልትኖር ትችላለች። እሷን አያማትም። ስለማያማትም ማንም አይጠረጥራትም። ከሆዷ ወደ ሳፋው ውሃ፣ ከውሃው ወደ ቆዳዋና ወደ ቅርፊቷ ይዛመታል። ሳፋውን የምታጥቢው ወጥ ቤት፣ ዕቃ በሚታጠብበት ሲንክ ውስጥ ይመስለኛል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሌላ የት ይታጠባል? ከዚያ ጡጦ እዚያው ይታጠባል፣ ሰላጣ እዚያው ይታጠባል። ፈሰስ ያለችው ውሃ ወለል ላይ ትቀራለች፣ ልጁ በእጁ ይዳስሳትና እጁን አፉ ይከታል። አዋቂን ሆድ አሳምሞ የሚተው ነገር ሕፃን ላይ ሲደርስ ሌላ ነው። ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊቷ 10 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ኤሊ ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጥ የከለከሉት በዚህ የተነሳ ነው። ሕፃናት ትንንሾቹን አፋቸው እየከተቱ ይታመሙ ነበር። ወንድምሽ ለልጆችሽ ያመጣቸው ሎሚ የማይሞሉት ኤሊዎች ልክ ያን ዓይነት ናቸው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሳፋው ከወጥ ቤት ይውጣ። የራሱ ብሩሽ ይኑረው። ቆሻሻው ውሃ ሲንክ ውስጥ አይደፋ፣ ሽንት ቤት ይደፋ። በፈረቃ ለሚኖር ሰው ይኼ ኪሳራ አይደለም፤ ሽንት ቤቱንም ለቀቅሽበት ማለት ነው። የነካካሽውን ወለል በበረኪና አብሺ። ሎሚን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። መሳሙ ይቁም። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ታልቅስ። ትንሹ ልጅ ትኩሳትና ተቅማጥ ከያዘው ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ «ቤታችን ኤሊ አለች» ማለትን እንዳትረሺ። ሐኪሙ ይህን ሊጠረጥር አይችልም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሰው ኤሊ ያሳድጋል?

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ሰውየው ክፉ አይደለም። እንዲያውም ከሁላችሁም በላይ ለኤሊዋ ያዘነው እሱ ይመስለኛል። ግን በዓለም ላይ ይህችን ኤሊ ችግር ያደረጋት እንደሱ ያለ ደግ ሰው ነው።

ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት ኤሊ አገሯ አሜሪካ፣ የሚሲሲፒ ወንዝ ተፋሰስ ነው። እርሻ ላይ እየተፈለፈለች ለዓለም ገበያ ተቸበቸበች። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1997 ባለው ጊዜ ብቻ ከአሜሪካ የተላኩት 52 ሚሊዮን ገደማ ናቸው ይባላል። ሲገዟት ታምራለች፣ ርካሽም ናት፣ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። ሻጩ ግን 25 ሴንቲ ሜትር እንደምትደርስ፣ 30 ዓመትም እንደምትኖር አይናገርም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሽታው፣ ውሃው፣ ቦታው ሲያስመርር ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ያስባል፦ «ወንዝ ልውሰዳት፣ ነፃ ትውጣ።» በዚህ አካሄድ የአውሮፓና የእስያ ከተሞች የፓርክ ኩሬዎች በእነዚህ ኤሊዎች ተሞሉ። ዛሬ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ካወጣው የ100 አስከፊ መጤ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ስሟ ተጽፏል።

ምን ታጠፋለች? ኤሊ ፀሐይ ካልሞቀች ምግቧ አይፈጭላትም። ፀሐይ መሞቂያው ድንጋይና ግንድ ደግሞ ኩሬ ውስጥ ውስን ነው። አውሮፓ ውስጥ መጤዎቹ የአገሬውን ኤሊ እየገፉ መሞቂያውን ወረሱት። ትንንሹን ዓሣም፣ የእንቁራሪት ጫጩቱንም፣ የውሃ ተክሉንም ይበላሉ። እኛም የራሳችን የውሃ ኤሊ አለን። ከእንቁራሪቶቻችንም ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሉም።

ባለቤትሽ ሊል የሚችለውን እገምታለሁ። «የአዲስ አበባ ብርድ ይገድላታል» ካለ፣ አይገድላትም። እነዚህ ኤሊዎች በትውልድ አገራቸው በረዶ የሚጥልበትን ክረምት ውሃ ሥር ተኝተው የሚያሳልፉ ናቸው፤ የእኛ የኅዳር ውርጭ ምኗም አይደለ። «ቀበና ቆሻሻ ነው፣ ዓሣም የለበት፣ ምን ታበላሻለች?» ካለ ደግሞ፣ ቆሻሻ ውሃ ከብዙ ዓሣ በተሻለ ትችላለች። ቀበናም እዚያው አይቆምም። ግንፍሌና ቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳሉ። አቃቂ አባ ሳሙኤል ይገባል፣ ከዚያ አዋሽ፣ አዋሽ ቆቃ። ቆቃ ስትደርሺ ሞቃት ነው፣ ዓሣ አለ፣ ለእንቁላል የሚሆን ሙቅ አፈር አለ። በክረምት ጎርፍ ቀበና ስንት ነገር ጠራርጎ እንደሚወስድ አንቺም ታውቂያለሽ።

እውነቱን ለመናገር ሎሚ ብቻዋን ዘር አትዘራም። ግን ባለቤትሽ ይህን ሐሳብ ያሰበ የመጀመሪያው ሰው ይመስልሻል? ወንድምሽ ያመጣበት ሱቅ ለሌላ ሐበሻም ይሸጣል። አሁን ደግሞ ወንዝ ዳር ሲለማ፣ እንደ ወዳጅነት ፓርክ ያለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ መሀል ከተማ ሲኖረን፣ «እዚህ ብለቃት ትደሰታለች» የሚል ሰው ይበዛል እንጂ አያንስም። ሁለት ሦስት ሰው ደግ ሥራ ሠራሁ ብሎ ሲመለስ ያኔ ወንድና ሴት ተገናኙ ማለት ነው።

ደግሞ ለእሷስ ነፃነት ነው ወይ? አራት ዓመት ከሰው እጅ የበላች እንስሳ ናት። ልጆች በድንጋይ ይጫወቱባታል፣ ውሻ ያገላብጣታል።

እንቦጭን አስታውሺው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው። አበባው ወይን ጠጅ፣ ያምራል። በዓለም የተሰራጨው በአመዛኙ ለኩሬ ጌጥ እየተባለ በሰው እጅ ነው። ቆቃና አዋሽ ላይ የታየው ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ጣና ላይ ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ታየ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ገበሬው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል፣ ወጣቱ ከየከተማው በአውቶቡስ ሊያግዝ ሲሄድ፣ ማሽን ተገዝቶ ሲመጣ። እስካሁንም አላለቀም።

ወንድምሽ ስለ ባሕር ዛፍ ያለው ግን የሚናቅ ክርክር አይደለም። ከአውስትራሊያ በምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ባይኖር ማገዶ ያጣችው አዲስ አበባ ዋና ከተማ ሆና መቅረቷም ያጠራጥር ነበር። መጤ ሁሉ ወራሪ አይደለም። አብዛኛው መጤ ወይ ይሞታል ወይ ጭምት ሆኖ ይኖራል። ችግሩ የትኛው እንቦጭ፣ የትኛው ባሕር ዛፍ እንደሚሆን ቀድሞ ማወቅ መቸገሩ ነው። ሲታወቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። አሜሪካኖች የበርማ ዘንዶ ከውጭ እንዳይገባ የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ያኔ ዘንዶው ፍሎሪዳ ውስጥ ኤቨርግሌድስ የሚባለውን ረግረጋማ ምድር ከያዘ ቆይቷል፤ ከሰው ቤት እያመለጠና እየተለቀቀ የተራባ ነው። የዱር ጥንቸሉንና ሌላውን ትንሽ አጥቢ እንስሳ ጨረሰው። ወንድምሽ «መንግሥት ሳሎኔ ምን አገባው» ሲል፣ ሳሎኑ ውስጥ ያለው እንስሳ ሳሎኑ ውስጥ ቢቀር ልክ ነበር። አይቀርማ።

ታዲያ ልጅሽ ትክክል ነው? ግማሹን። ልጅሽ «ይታገድ» ሲል ነገሩ በአንድ ደብዳቤ የሚያልቅ መስሎታል። ዕድሜው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህችን ኤሊ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳትገባ ከለከለ። ነጋዴው ምን አደረገ? ቢጫ መስመር ያላትን የቅርብ ዘመዷን ማስመጣት ጀመረ። ያችም ታድጋለች፣ ያችም ወንዝ ትጣላለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ኅብረቱ ዝርያዋን በሙሉ ከነዘመዶቿ ወራሪዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። አንዱን ስትከለክዪ ሌላው በጎን ይገባል። አንዳንድ አገሮች በዚህ ተማረው ነገሩን ገልብጠውታል። የተከለከለውን መዘርዘር ትተው የተፈቀደውን ይዘረዝራሉ፤ ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ ሁሉ አይፈቀድም። ኔዘርላንድስ ለአጥቢ እንስሳት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ እንዲህ እያደረገች ነው። እኔ ለኢትዮጵያ ይህኛው የሚበጅ ይመስለኛል። እዚህ የዚህ እንስሳ ንግድ ገና ሥር አልሰደደም። ቦሌ ላይ የቆመ ፈታሽ የመቶ ዓይነት ኤሊ መልክ እንዲለይ መጠበቅም ግፍ ነው።

ልጅሽ ያላሰበው ግን ሌላ ነው። ነገ ጠዋት «የውሃ ኤሊ የያዘ ይቀጣል» የሚል አዋጅ ቢወጣ፣ ባለቤትሽ ሎሚን ይዞ ወዴት የሚሄድ ይመስልሻል? በዚያው ምሽት ቀበና ነዋ! ሌላውም እንደዚያው። መረከቢያ ቦታ ሳይዘጋጅ የወጣ እገዳ ኤሊውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ወንዝ ይከተዋል። አውሮፓዎቹ ይህን ስላወቁ ቀድሞ ቤቱ የያዘ ሰው እንዳታመልጥና እንዳትራባ አድርጎ እስክትሞት ድረስ እንዲያኖራት ፈቀዱ። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ እንስሳ የሰለቸው ሰው ሳይቀጣ የሚያስረክብበት መንገድ አለ። አምጪው፣ እንቀበልሻለን፣ አንቀጣሽም ነው ነገሩ። ልጅሽ ከልቡ ከሆነ አጎቱን በስልክ ከመሞገት ይልቅ «መረከቢያ ይከፈት» ብሎ ይጻፍ። እኔ ብሆን ከእገዳው በፊት የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ለሎሚስ? መጀመሪያ ሕጉን እንወቅ። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝንና ከውጭ ማስገባትን ጥፋት አድርጎ ደንግጓል። ስለዚህ ተደብቆ መኖር አያዋጣም። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ዋና ቢሮው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ደውለሽ ወይም ሄደሽ ነገሩን ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው፦ እንዲህ ያለች ኤሊ አለችኝ፣ ወንዝ መልቀቅ አልፈለግኩም፣ ምን ላድርግ? ምናልባት መጀመሪያ ያነሳው ሰው ይስቅ ይሆናል። አንቺ ግን «ባለሙያ አገናኙኝ» በይ። ትልቁ ልጅሽ ደግሞ በግቢው ካሉት የእንስሳት ሳይንስ መምህራን አንዱን ይጠይቅ። አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ፤ እንስሳ የሚያውቁ ሰዎች ሁለት እርምጃ ላይ ናቸው። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ሌላ በር ነው። ሁሉም በር ካልተከፈተ፣ ማቆየቱም ከሕፃኑ ጋር ካላስኬደ፣ በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንድትሞት ማድረግ ከወንዝ ይሻላል። ይህን ለትንሿ ልጅሽ አታንብቢላት።

መልስ እስክታገኚ ድረስ እንዲህ አድርጊ። በረንዳ ካላችሁ ሳፋዋ እዚያ ይሁን፣ ግማሹ ጥላ ግማሹ ፀሐይ። በመስኮት መስታወት የገባ ፀሐይ አይጠቅማትም፤ ለቅርፊቷ የሚያስፈልጋት ጨረር መስታወቱ ላይ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ከውሃ ወጥታ የምትደርቅበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጣውላ አድርጊላት። ሳፋው ጥልቅ ይሁን፣ ግን ጠርዙ ከፍ ይበል፤ ኤሊ ቀርፋፋ ትመስልሻለች እንጂ መንጠላጠል ታውቅበታለች። ከበረንዳ ከወደቀች ሌላ ጣጣ ነው።

ውሃውን በሁለት ቀን አንዴ መቀየር የሰለቸሽ ከሆነ አንድ ዘዴ አለ። ለብቻዋ ትንሽ ሳፋ ውስጥ አብያት። በልታ ስትጨርስ ወደ ትልቁ መልሻት። የሚያገማው ውሃ በአብዛኛው የምግብ ትራፊ ነው፤ ትራፊው ሌላ ቦታ ከቀረ ውሃው ይቆያል። ከጀሪካን የምትቀጂላትን ውሃ አንድ ቀን ክፍት አሳድረሽ ስጫት። ደግሞ በጾም ወቅት ለኤሊ ሥጋ መግዛት ይከብዳል ብለሽ ከሆነ፣ ካደገች ወዲህ ዋናው ምግቧ ቅጠል ነው። ሰላጣ፣ ካሮት ከነቅጠሉ ትበላለች። አልፎ አልፎ ትንሽ ዓሣ ይበቃታል። ከባለቤትሽ የተሻለች ጿሚ ልትሆን ትችላለች።

አንድ ሌላ ነገር። ይህን ያህል ካደገች ሴት ሳትሆን አትቀርም፤ ወንዶቹ አነስ ይላሉ፣ የፊት እግራቸው ጥፍርም በጣም ረጅም ነው። ሴቷ ወንድ ባታይም ያልዳበረ እንቁላል ልትይዝ ትችላለች። ምግብ እምቢ ብላ ሳፋውን ስትቧጭር፣ ልውጣ ልውጣ ስትል ካየሻት እንቁላል መጣያ አፈር ፈልጋ ነው። አሸዋ የሞላ ሌላ ሳፋ ስጫት። እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ከቀረ ሊገድላት ይችላል።

ትንሿ ልጅሽን በተመለከተ፣ ኤሊ ሠላሳ ዓመት እንደምትኖር ንገሪያት። ሎሚ አሁን አራት ዓመቷ ስለሆነ፣ ልጅቷ ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቷ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ሳፋ ማጠብ የማን ሥራ እንደሚሆን ጠይቂያት። ትልቁም ልጅ ቢሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ብሩሹን ያንሳ እንጂ፤ ሥራው ሁሉ አንቺ ላይ ብቻ የወደቀው በምን ሕግ ነው?

በቀቀኑን ግን ዛሬውኑ አስቁሚው። የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከፍተኛ ጥበቃ የሚደረግለት ወፍ ሆኗል። ከዱር የተያዘውን ለንግድ ከአገር አገር ማዘዋወር አይፈቀድም። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ወንድምሽ በሻንጣ ኤሊ አሳልፎ ለምዶበታል፤ የሚጮህ ወፍ ግን እንደ ኤሊ ዝም አይልም። ቦሌ ላይ ቢያዝ ፋሲካውን የት እንደሚያሳልፍ እንጃ። ወፉም ቢሆን እንደ ሎሚ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል፣ በዚያ ላይ ሲከፋው ላባውን ይነጫል፣ ጎረቤቱን ሁሉ በጩኸት ያስነሳል።

«ወንድሜ፣ ለልጆቹ ስጦታ ማምጣትህን አትተው፣ ነፍስ ያለው ነገር ግን አታምጣ» በይው። የልጆቹን የጫማ ቁጥርም አብረሽ ላኪለት።